ቃና ዘገሊላና ጽዋውን ያስቀመጠው ወንድማችን

ጥር 12 ቀን የሚከበረው ቃና ዘገሊላ ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በገሊላ አውራጃ በቃና ሰርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበት ዕለት መታሰቢያ ነው። መምህራነ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያስረዱት ተአምሩ የተፈጸመው የካቲት 23 ቀን ሲሆን፣ አባቶቻችን የውኃን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ለማስተባበር ሲሉ ከጥምቀት ማግስት እንዲውል ሥርዓት ሠርተዋል። በዋዜማው ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ሲመለሱ በጥምቀተ ባሕሩ የቆየው የቅዱስ ሚካኤል ታቦትም በዚሁ ዕለት በዝማሬና በእልልታ ታጅቦ ይገባል። ምእመናንም ታቦቱን ሸኝተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጠላው ተጠምቆ፣ ጠጁ ተጥሎ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይቆያቸዋል።

ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ ሁለት እንደጻፈው በሰርጉ ቤት ስድስት የድንጋይ ጋኖች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይይዛሉ። ይህን ስፍር ይዘው «ጌታ ራሱ ባርኮ የሰጠው መጠጥ ምን ነውር አለበት?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ወይንን በራሱ ርኩስ ነው ብላ አታስተምርም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ይኸው ሐዋርያ ግን ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ በወይን መስከርን ከልክሏል። ኖኅ የወይን ቦታ ተክሎ ከፍሬው ጠጥቶ በድንኳኑ ዕርቃኑን እንደ ወደቀ ኦሪት ሳትሸሽግ ትናገራለች፤ መጽሐፈ ምሳሌም በ23ኛው ምዕራፍ የሰካራሙን ዓይን መቅላት፣ ጠቡንና ቁስሉን፣ ነቅቶም እንደገና መፈለጉን አንድ ሐኪም በሽተኛውን መርምሮ የጻፈው እስኪመስል ድረስ ዘርዝሮታል። የመጨረሻው ነገር፣ ማለትም ተመትቶና ተጎድቶ ሳለ ነገ ደግሞ ወደዚያው መመለሱ፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

መጠጥ የሚያስደስተው ሰውና መጠጥ የሚገዛው ሰው በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ይነሣል። ሁለተኛው ግን አንዱን ከቀመሰ በኋላ መቆም አይችልም፤ መሐላው፣ የልጆቹ ልቅሶ፣ የሥራው መታጣት አያቆመውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በአልኮል ምክንያት መሞታቸውን ገልጿል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ መጠጥም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ ደንግጓል። አዋጁ ደግ ነው፤ ነገር ግን አዋጅ የሚገታው ገና ያልጀመረውን እንጂ በቤቱ ጓዳ አረቄ ደብቆ የሚያድረውን አባወራ አይደለም። እማወራም አለች። የሴቲቱ መጠጥ ከወንዱ ይልቅ በነውር ስለሚሸፈን የሚደርስላት ሰው ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ይህን ሰው ስንረዳ የኖርነው በሦስት መንገድ ነው፤ በምክር፣ በመሐላና በጠበል። ሦስቱንም የሚያቃልል ቃል ከእኔ አይወጣም። ሆኖም ከዚህ ጋር አብሮ ሊታወቅ የሚገባው፣ ለሕይወትም የሚያሰጋ ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊይዘው ይችላል። አንዳንዱም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ የሌለውን ያያል፣ ያልተነገረውን ይሰማል፣ ይለፈልፋል፣ ቤተ ሰቡንም ይጠራጠራል። ይህ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ይህን የሚያዩ ዘመዶች ብዙ ጊዜ «ርኩስ መንፈስ ነው» ብለው አስረው ወደ ጠበል ብቻ ይወስዱታል። ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ ያስተምራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ሐኪም፣ ከዚያም ከሐኪሙ ጋር በመስማማት ወደ ጠበሉ ማድረስ የሚቃረን ነገር የለውም። በአዲስ አበባ ይህን ሕመም የሚያክመው አንጋፋው ተቋም የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

ሐኪም ሰውነቱን ከመርዙ ካጠራለት በኋላ ግን ሰውየው ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ሰፈሩም፣ ጓደኞቹም፣ መጠጥ ቤቱም እንደ ነበሩ ናቸው። በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት ለመሙላት የተፈጠረው ነገር የጠጪዎች ስብሰባ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1935 ዊልያም ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ጉዳይ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ወደምትገኘው አክሮን ከተማ ይሄዳል። መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ሆኖታል። የሄደበት ጉዳይ ከሸፈበት፤ ኪሱ ባዶ ነው፤ ባረፈበት ሆቴል መጠጥ ቤቱ ሳቅና ጨዋታ ይሰማል። በዚያ ሰዓት የመጣበትን ፈተና ለብቻው እንደማይችለው ስላወቀ ወደ መጠጥ ቤቱ መግባቱን ትቶ ወደ ስልኩ ሄደና ለአንድ የከተማው ቄስ ደወለ። የጠየቀው እንግዳ ነገር ነው፤ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ እንዲፈለግለት። በብዙ ቅብብሎሽ ሮበርት ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ለሩብ ሰዓት ብቻ ሊያነጋግረው ነበር የመጣው፤ ጨዋታቸው ግን ስድስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ዊልሰን ሐኪሙን አልገሠጸውም፤ ስለ ራሱ ውድቀት ብቻ ነገረው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወድቆ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1935 የመጨረሻውን ጠጣ። ያ ቀን አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በእኛ ቋንቋ ስማቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች ልንለው የምንችለው ማኅበር የልደት ቀን ሆኖ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1939 በዚሁ ስም መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ ዛሬ በ180 ያህል አገሮች ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ አባላት እንዳሉት ማኅበሩ ይገምታል።

ስብሰባው ምን ይመስላል? ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የሚካሄደው በአዳራሽ፣ በሆስፒታል ክፍል፣ ከሁሉ ይልቅ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ወንበሮች በክብ ይደረደራሉ፤ ቡና ይፈላል። አባል ለመሆን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። የአባልነት ክፍያ የለም፤ የክፍሉን ኪራይ ለመሸፈን ሳህን ይዞራል፣ የሌለው አይጥልም። ማኅበሩ ከውጭ ሰው ገንዘብ አይቀበልም። «ክፍት» የሚባለው ስብሰባ ለቤተ ሰብና ለማንኛውም እንግዳ የተፈቀደ ሲሆን፣ «ዝግ» የሚባለው ለጠጪዎች ብቻ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፣ ምክርም አይሰጠውም፤ መናገር ያልፈለገ «ዛሬ ላዳምጥ» ብሎ ማለፍ ይችላል። ለዘላለም እተዋለሁ ብሎ የሚምል የለም፤ ውሉ ለዛሬዋ 24 ሰዓት ነው። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ወር፣ ለአንድ ዓመት የጸና ሰው ለመታሰቢያ ትንሽ ሜዳሊያ ይቀበላል። የወደቀም ተመልሶ ሲመጣ ከበሩ አይመለስም።

ይህን የማኅበር ሥርዓት ስመረምር የራሳችን ጽዋ ማኅበር ወደ ልቡናዬ ይመጣል። በየወሩ በጻድቁ ወይም በመልአኩ ስም መሰብሰብ፣ ተረኛው ቤቱን ማዘጋጀቱ፣ በሙሴው መሪነት ሥርዓት መጠበቁ፣ የታመመውን መጠየቁ፣ የቀረውን መፈለጉ ሁሉ በጠጪዎቹም ስብሰባ አለ። ልዩነቱ በመካከል ያለው ነገር ነው፤ በእኛ ማኅበር ጠላው ይቀዳል። ስለዚህ መጠጥ ያቆመ ምእመን ከመጠጥ ቤት ብቻ ሳይሆን ከማኅበሩም፣ ከሰንበቴውም፣ ከተዝካሩም ሊርቅ ይገደዳል። ሰው በሚያስፈልገው ሰዓት ሰው አልባ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም።

በአሜሪካ ዋና ከተማ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ በመንዳት የኖረ አንድ ምእመን ለጥምቀት ወደ አገሩ በመጣ ጊዜ ያጫወተኝን እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስብሰባው የሄደ ቀን ሕንፃውን ሦስት ጊዜ በመኪና ዞረው። መታወቂያ የሚጠይቁት፣ ስሙን መዝግበው ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚያሳውቁ መስሎት ነበር። በመጨረሻ ሲገባ በር ላይ የቆሙ አንዲት አሮጊት ጨበጡትና የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ጠየቁት። እርሱም ድንገት የክርስትና ስሙን ነገራቸው። «የሀገሬ ሰው አንድ ቀን ቢገባ እንዳያውቀኝ ብዬ ነው» አለኝና ፈገግ አለ፤ «በኋላ ግን ሳስበው፣ ዲያቆን፣ በዚያ ስም የሚጠሩኝ ሥጋ ወደሙ ስቀበልና እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ብቻ ነው።»

ቋንቋው አስቸግሮት እንደ ነበረም ነገረኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሚነገረው ግማሹን ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ጠርሙሱን በመኪናው ጎማ ማስቀመጫ ሥር እንዴት ይደብቅ እንደ ነበረ ሲናገር የእርሱም ጠርሙስ ይደበቅ የነበረው እዚያው ስለ ነበረ ትርጉም አላስፈለገውም። ይኸው ሽማግሌ በኋላ ደጋፊው ሆነ። ደጋፊ ማለት ቀድሞ የጸና፣ ፈተና በመጣ ሰዓት በሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚነሣለት አባል ነው።

ይህ የደጋፊ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰኔ 24 ቀን የምናከብረው አባ ሙሴ ጸሊም ከሽፍትነት ወደ ምንኩስና በመጣ ጊዜ የቀድሞ ልማዱ በብርቱ ይታገለው ነበር። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል መምህሩ አባ ኤስድሮስ ጎህ ሲቀድ ወደ ሰገነት አወጣውና የፀሐይዋ ብርሃን ሌሊቱን እንዴት ጥቂት በጥቂት እንደሚያርቀው አሳየው። ይኸው ሙሴ በኋላ የወደቀ ወንድም ላይ እንዲፈርድ በተጠራ ጊዜ ከኋላው የሚፈስ ሸክም ተሸክሞ ሄደ፤ የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ለማሳየት ነው። በጠጪዎቹ ስብሰባ «አንተ» ተብሎ የማይገሠጽበት፣ ሁሉም «እኔ» ብሎ የሚናገርበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ከምእመናን የሚነሣ አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። «ይህ ማኅበር የማን ሃይማኖት ነው? ልጃችንን ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣብን ይሆን?» መሥራቾቹ በመጀመሪያ ከአንድ የፕሮቴስታንት የመነቃቃት እንቅስቃሴ ጋር ይሰበሰቡ እንደ ነበር አይካድም፤ ነገር ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1939 ድረስ ከእርሱ ተለይተዋል። ከ12ቱ ደረጃዎቻቸው አንዳንዶቹ እግዚአብሔርን ያነሣሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ እንደተረዳው ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር የሃይማኖት ጸሎታችን ሊሆን አይችልም፤ እንዲሆንም አልተጻፈም። ስብሰባው አያጠምቅም፣ አያቆርብም፣ ትምህርተ ሃይማኖት አያስተምርም። በሆስፒታል ወረፋ አጠገባችን የተቀመጠው በሽተኛ ሃይማኖቱ ምንድን ነው ብለን ወንበራችንን እንደማንለቅ ሁሉ እዚህም እንዲሁ ነው። አምስተኛው ደረጃ በደልን ለሌላ ሰው መናዘዝን፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው የበደሉትን ማሰብና መካስን ያዝዛሉ። ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ኑዛዜውን በነፍስ አባቱ ፊት ቢያደርገው ደረጃውን አላጓደለም። የነፍስ አባትም ንስሐ ከሰጡ በኋላ «ስብሰባህስ?» ብለው ቢጠይቁ ሥልጣናቸው አይቀንስም።

ፍሬው ታይቷል ወይ ለሚል፣ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ መልስ ይሰጣል። 27 ጥናቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተው ይህ ግምገማ፣ ከመጠጥ ፈጽሞ በመታቀብ ረገድ ወደ እነዚህ ስብሰባዎች የሚያስገባው ሥርዓት ያለው ሕክምና ከሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም፤ በአንዱ ስብሰባ ያልተመቸው ሌላውን መሞከር አለበት፣ ስብሰባ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና።

ስብሰባ ፍለጋን በተመለከተ፣ በውጭ አገር ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን የማኅበሩን የከተማ ጽሕፈት ቤት በስልክ ወይም በኢንተርኔት ቢጠይቁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ያገኛሉ፤ ስም መናገር አያስፈልግም። ለሴቶች ብቻ የሚደረግም አለ። ለጠጪ ሚስቶች፣ ባሎችና ልጆች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተ አል አኖን የሚባል ለብቻው የቆመ ማኅበር ይገኛል። በአገር ውስጥ ያለ ሰው ሐኪሙን ወይም የአእምሮ ሕክምና ነርሱን «በኅብረት የሚሰጥ ምክር፣ ያቆሙ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በስልክና በኢንተርኔት የሚደረጉ ስብሰባዎችም ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ በጣም በዝተዋል። ምንም ካልተገኘ መጀመር ይቻላል፤ በማኅበሩ ሥርዓት ለመታቀብ የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ጠጪዎች አንድ ጉባኤ ናቸው። ቁጥሩ በማቴዎስ ወንጌል የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ለሰበካ ጉባኤያት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በብዙ አጥቢያዎች ከእሑድ በቀር ተዘግቶ የሚውል የሰንበቴ ቤት አለ። በሳምንት አንድ ምሽት ለዚህ ቢከፈት የሚያስፈልገው አግዳሚ ወንበር፣ መብራትና የበር ቁልፍ ነው። የሚገባውን ሰው ስም የሚመዘግብ ጸሐፊ፣ «እገሌን እዚያ አየሁት» የሚል ዘበኛ ግን መኖር የለበትም። ከመጠጥ ጠማቂነት በቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው እናቶችም በየአጥቢያው እንዳሉ አልዘነጋሁም፤ እነርሱን ማውገዝ የተራበ ልጃቸውን አያበላም፣ ጉዳያቸውም ሌላ ጽሑፍ ይሻል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዲያቆን የሚጠበቅ ስለ ሆነ ልናገር። መጠጥ ያቆሙ አንዳንድ ምእመናን ሥጋ ወደሙን ለመቀበል ይፈራሉ፤ የወይኑ ጠብታ ሕመማቸውን የሚቀሰቅስ ይመስላቸዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ በቤተ ልሔም የሚጨመቅ ነው፤ የፈላ መጠጥ አይደለም። ስለዚህ ከቁርባን ሊርቁ አይገባም፤ ጥርጣሬ ያለበትም የነፍስ አባቱን ይጠይቅ።

ታክሲ ነጂው ወንድማችን በዚያው ሰሞን እናቱ የሚጠጡት የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ቤታቸው ደርሶ ነበር። ጽዋው ሲዞር ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ተጨንቆ ለማኅበሩ ካህን ነገራቸው። ካህኑም ሌላውን ሳያስረዱ እናትየው ያልፈላ ብርዝ እንዲያዘጋጁ አደረጉና ለሁሉም የሚዞረው ጽዋ በዚያ ብርዝ ተሞልቶ ተባረከ። ጠላው ጓዳ ቀርቶ ሳይሆን ለፈለገ ሰው ኋላ ቀረበ። ሁለት ሽማግሌዎች አጉረመረሙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን ሲወጡ ስንት ዓመት እንደ ሆነው በጆሮው ጠየቁት። ሰባት ዓመት መሆኑን ነገራቸው። በማግስቱ እኚሁ ሽማግሌ የወንድ ልጃቸውን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ላኩለት።

በዓሉን በቤታችን ስናከብር እንዲህ ያለ እንግዳ ሊኖር እንደሚችል እናስብ። «ለበረከት ቅመስ፣ በዓል አይደለም ወይ?» ብሎ መለመን እንግዳ ተቀባይነት አይደለም። ያልፈላ ብርዝ፣ ውኃና ቡና ከጠላው እኩል በማዕዱ ላይ ይቅረቡ፤ አንድ ጊዜ «አልጠጣም» ያለ ሰውም ለምን ተብሎ አይጠየቅ። ብዙ የስብሰባ ቡድኖች በበዓላት ቀን አይዘጉም፤ በውጭ አገር አንዳንዶቹ በልደትና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ቀንና ሌሊት ያለ ማቋረጥ ይሰበሰባሉ፣ ያ ቀን ለጠጪ ከባድ መሆኑን ያውቃሉና። ስለዚህ ልጃችን ጥር 12 ቀን ከቀትር በኋላ ከማዕዱ ተነሥቶ «ስብሰባ አለኝ» ቢል ምሳውን አንድ ሰዓት ቀደም አድርገን እንጠብቀው።